ሁለት ባልዲ ዓሣ

ባለፈው ሰሞን ማታ መብራት ጠፍቶ ዶርም ውስጥ ቁጭ ብለን ስለ አንድ ዓሣ ስንከራከር አመሸን። ዓሣው የሚበላ ዓሣ አይደለም። ርዝመቱ ከሰው ጣት አይበልጥም። የሚኖረውም በአሜሪካ አገር፣ በምሥራቅ ካሊፎርኒያ፣ ኦወንስ በሚባል ደረቅ ሸለቆ ውስጥ ነው። ክርክሩን የጫርኩት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ይህን ዓሣ ለማዳን ያደረገውን አንብቤ ስለ ነበር ለጓደኞቼ አወራሁላቸው። ገና ሳልጨርስ አንዱ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነው፣ ከአልጋው ቀና ብሎ፣ «ስማ እንጂ፣ ሰው በድርቅ በሚያልቅበት ዓለም ላይ አንተ ጣት ስለምታህል ዓሣ ታወራለህ?» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ መልስ ስላልነበረኝ ነው የሳቅሁት። ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ማታ ያጣሁትን መልስ ፍለጋ ነው። አግኝቼው እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

መጀመሪያ ታሪኩ። ዓመታቱ፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የኦወንስ ሸለቆ ውኃ የሚመጣው ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች በረዶ ነው። በ1913 የሎስ አንጀለስ ከተማ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ቦይ አሠርታ የወንዙን ውኃ ወደ ራሷ ወሰደችው። ወንዙን ተከትሎ የነበረው ረግረግ እየደረቀ ሄደ። በተረፈው ውኃ ውስጥ ደግሞ ለመዝናኛ የሚያጠምዱ ሰዎች ደስ ይበላቸው ተብሎ ከሌላ ቦታ የመጡ ትልልቅ ዓሣዎች ተለቀቁና ትንንሾቹን በሏቸው። ፐፕፊሽ የሚባለው ያ ትንሽ ዓሣ ቀድሞ በሸለቆው ሞልቶ ነበር። በ1940ዎቹ ግን የዓሣ ሊቃውንት ዘሩ ሳይጠፋ አልቀረም ብለው ጻፉ። በ1964 ፊሽ ስላው በሚባል ረግረግ ውስጥ ጥቂት ተገኘ። ካገኙት ሰዎች አንዱ ፊል ፒስተር ነው፤ የካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር የዓሣና የአደን መሥሪያ ቤት ባዮሎጂስት ነበር። በ1967 ዓሣው ሊጠፉ በተቃረቡ እንስሳት የመንግሥት መዝገብ ላይ ሰፈረ። መዝገብ ግን ውኃ አይሆንም።

ኦገስት 18 ቀን 1969 ኩሬው እየደረቀ መሆኑ ተሰማ። በዚያን ጊዜ የዓሣው ዘር በሙሉ የቀረው እዚያች ኩሬ ውስጥ ነበር። ፒስተርና ሁለት ባልደረቦቹ መረብና ባልዲ ይዘው ሮጡ። ወደ 800 የሚጠጉ ዓሣዎች አፍሰው፣ ውኃ በሚያሳልፍ የመረብ ሣጥን አድርገው፣ በረግረጉ ውስጥ የተሻለ ውኃ ባለበት ቦታ አኖሯቸው። ሥራው ያለቀ መሰለ። ሁለቱ ሄዱ። ፒስተር ብቻውን ቀርቶ ሣጥኖቹን ሲመለከት ግን ዓሣዎቹ እየሞቱ ነው። ውኃው እንደ ልብ ስለማይፈስ ኦክሲጅን አንሷቸዋል። የተረፉትን በሁለት ባልዲ ጨልፎ፣ ባልዲዎቹን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ፣ ወደ ሌላ ምንጭ ሊያዛውራቸው ተነሣ። በ1993 ራሱ እንደጻፈው፣ ጥቂት እንደተራመደ አንድ ነገር ትዝ አለውና ፍርሃት ያዘው፦ ሽቦ ቢያደናቅፈው ወይም እግሩ የአይጥ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ የአንድ ፍጥረት ዘር እዚያው አሸዋ ላይ ተደፍቶ ያልቃል። አልወደቀም። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው የኦወንስ ፐፕፊሽ ሁሉ የእነዚያ ዓሣዎች ዝርያ ነው።

እኔን የገረመኝ የኖኅ ነገር ነው። በኖኅ መርከብ ውስጥ ያልተሳፈሩ ዓሣዎች ብቻ ናቸው፤ ምን ቸገራቸው! የጥፋቱ ውኃ ለነሱ ቤት ነው። የኛ ዘመን ጥፋት ግን ዓሣን እንኳ መርከብ ፈላጊ አደረገው። መርከቡም ሁለት ባልዲ ሆነ።

እሺ፣ ለመሆኑ ባልዲው ውስጥ የነበረው ምንድን ነው? ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ፍልስፍናውን ያጠላልፈዋል። ቤንታም በ1789 እንስሳትን በሚመለከት ጥያቄው ማሰብ መቻላቸው ሳይሆን መሠቃየት መቻላቸው ነው ብሎ ነበር። መልካም። በዚህ ሚዛን እያንዳንዱ ዓሣ ይቆጠራል። ነገር ግን በዚሁ ሚዛን 800 ፐፕፊሽና የትም ሞልቶ የተረፈ 800 ቆሮሶ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ታፍነው ሲሞቱ ያማቸዋል። «ዘር» የሚባለው ነገር ደግሞ አያመውም። የመጨረሻው ዓሣ የመጨረሻ መሆኑን አያውቅም። ካንት በበኩሉ ለእንስሳ መራራት ለሰው ለመራራት ልምምድ ነው የሚል ሐሳብ አለው። ይህም እውነትነት አለው፤ ግን ፒስተር ያን ማታ ባልዲ ተሸክሞ የወጣው ጠባዩን ሊያርም አይመስለኝም። ቢደናቀፍ ኖሮ የሚጠፋው የሱ መልካም ጠባይ አልነበረም።

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። አንድ ገዳም ሲቃጠል ከእሳቱ ውስጥ ሌላ ቅጂ የሌለውን ብራና ይዞ የሚወጣ መነኩሴ፣ «ይህን መጽሐፍ ስንት ሰው ያነበዋል?» ብሎ አይጠይቅም። ግዕዝ የሚያነብ በመንደሩ ባይኖርም ይዞት ይወጣል። ይህ መጽሔታችን ቢጠፋ ስቴንስሉ ከተገኘ እንደገና ይባዛል፤ ቢቀርም ብዙ የሚጎዳ የለም። ዓሣው ግን ስቴንስል የለውም። በበረሃ ሙቅ ውኃ ውስጥ መኖርን በብዙ ሺህ ዓመታት የተማረ ፍጥረት ነው፤ ያን ትምህርት እንደገና የሚጽፍለት የለም። ፒስተርንም «ይህ ዓሣ ምን ይጠቅማል?» ብለው ሲጠይቁት፣ «አንተስ ምን ትጠቅማለህ?» ብሎ ይመልስ ነበር ይባላል። መልሱ ትንሽ ቁጣ አለበት። ግን ጠያቂውን ከፈራጅ ወንበር ላይ አውርዶ ከዓሣው ጎን ያቆመዋል።

ይሁንና ጓደኛዬ በዚህ አልተረታም፤ እኔም በቀላሉ ላመልጠው አልፈልግም። የሰው ችግርስ?

በኦወንስ ነገር መልሱ ቀና ነው። የዓሣውን ውኃ የወሰደው ያው ቦይ የሸለቆውን ገበሬም ውኃ ወስዷል። ከገበሬዎቹ በፊት በዚያው ሸለቆ መስኖ ይሠሩ የነበሩት የፓዩት ሕዝቦችም መሬታቸውንና ውኃቸውን ተነጥቀዋል። በ1924 ቦዩ በዲናሚት እስከመፈንዳት ደርሷል። ስለዚህ እዚያ «ዓሣ ወይስ ሰው» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ነው፤ ዓሣውና ደሀው ሰው በአንድ ወገን ነበሩ።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይመችም። በኒው ሜክሲኮ የሪዮ ግራንዴ ወንዝ ውስጥ ብርማ ቀለም ያለው ሌላ ትንሽ ዓሣ አለ፤ ሚኖ ይሉታል። በ1994 ከአደጋው መዝገብ ገባ። ቀድሞ ከኖረበት የወንዝ ርዝመት ዛሬ የቀረው ከአሥር እጅ አንዱ እንኳ አይሞላም። እዚህ ውኃውን የሚወስዱት ከተማ ብቻ አይደለችም። ለብዙ ትውልድ በዚያ ውኃ በቆሎና ቃሪያ ሲያበቅሉ የኖሩ ገበሬዎችና የፑዌብሎ ሕዝቦችም አሉ። እነዚህን «የዓሣ ጠላት» ብሎ የሚሰድብ ሰው ካለ ርቦት የማያውቅ መሆን አለበት።

ሚኖው የሚራባው በጸደይ፣ የተራራው በረዶ ቀልጦ ወንዙ ሲሞላ ነው። እንቁላሉ መሬት አይዝም፤ ከጅረቱ ጋር እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ልጆቹ የሚያድጉት ጎርፉ በዳርቻው ላይ በተኛበት ጸጥ ያለ ውኃ ውስጥ ነው። ጎርፉ ድንገት ሲሸሽ እዚያው ጉድባ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ለዚህ ዓሣ ጎርፉ ሕይወቱም ነው፣ ወጥመዱም ነው። ወደ ታች የወረደው ደግሞ ተመልሶ እንዳይወጣ የመስኖ ግድቦች ይዘጉበታል። በጋው ሲበረታ ወንዙ ይቆራረጣል፤ ዓሣዎቹ በየኩሬው ይታሰራሉ። ያን ጊዜ ሠራተኞች መረብና ባልዲ ይዘው በደረቀው አሸዋ ላይ እየሄዱ ከየኩሬው እያፈሱ ውኃ ወዳለበት ያዛውሯቸዋል። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ድርቅ በመጣ ቁጥር ነው። በ2022 ወንዙ በአልበከርኪ ከተማ መሐል እንኳ ደርቋል፤ ይህ ከ40 ዓመት ገደማ ወዲህ ያልታየ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ልፋት ምን አመጣ? በ2020 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው እንዲህ ከተዛወሩት ሚኖዎች አብዛኞቹ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሠራተኛው ኩሬው ጋ ሲደርስ ውኃው ሞቋል፣ አየሩ አልቋል፣ ዓሣው በሽታ ጀምሮታል። ባልዲው የተሸከመው ግማሽ ሬሳ ነው። «አልሸሹም ዞር አሉ» የሚባለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ነው እኔ ከራሴ ጋር የተጣላሁት። የፒስተር ባልዲና የሪዮ ግራንዴው ባልዲ አንድ ዓይነት ባልዲ ናቸው ወይ? የመጀመሪያው ሌላ ምንም አማራጭ በሌለበት ሰዓት የተነሣ ነው። ሁለተኛው ግን በየዓመቱ በፕላን የሚነሣ፣ በጀት ያለው፣ ሪፖርት የሚጻፍለት ባልዲ ነው። ሪፖርቱም «ይህን ያህል ዓሣ አዳንን» ይላል። ወንዙን ያደረቀው ውሳኔ ግን በሌላ ቢሮ በሌላ ወረቀት ላይ ተቀምጧል፤ ማንም አይነካውም። አዳኙ ሳያውቀው ለአጥፊው ጠበቃ ይሆናል ማለት ነው። ሠራተኞቹን እየወቀስኩ አይደለም፤ በዚያ ፀሐይ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ዓሣ የሚለቅም ሰው ከኔ ይሻላል።

ጓደኛዬ እዚህ ላይ ስትደርስ ክርክሩ ጣመውና፣ «አየህ፣ ሰፈራ ማለት ነዋ!» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። በኛው 1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሌላም ቦታ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የተወሰደው ሕዝብ ወደ 600,000 ይጠጋል። እዚያም ብዙዎች በወባና በሌላ በሽታ አልቀዋል። ያን ጊዜም ቃሉ «ማዳን» ነበር። ሰውን ከዓሣ ጋር ማወዳደር አጸያፊ ነው የሚል ካለ ልክ ነው፤ ልዩነቱንም ራሴ ልናገር። ሰው ይጠየቃል፤ «ትሄዳለህ ወይ?» ይባላል፤ እምቢ ማለትም ይችላል። የዚያን ጊዜ ጥፋት ብዙዎቹ ሳይጠየቁ መጫናቸው ነው። ዓሣ ግን ቢጠየቅም አይመልስም። ስለዚህ ዓሣ አንሺው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት ባይ ነኝ፤ ስህተቱን የሚነግረው የለምና።

ስህተት ደግሞ አለ። በኔቫዳ በረሃ ዴቪልስ ሆል በሚባል የዓለት ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር ሌላ ፐፕፊሽ አለ። ለመጠባበቂያ ተብሎ ጥቂቱ በሁቨር ግድብ አጠገብ በተሠራ ገንዳ ውስጥ እንዲራባ ተደረገ። ተራባ፤ ግን ሰውነቱ ከጉድጓዱ ዓሣ እየተለየ፣ እየገዘፈ ሄደ። ዓሣውን ከቦታው ነጥለህ ስታድን ያዳንከው ያንኑ ዓሣ ነው ወይ?

የዴቪልስ ሆሉ ዓሣ እስካሁን የቆየበትን ሌላ ምክንያት ግን ለጓደኛዬ ሳልነግረው አልቀረሁም። በአጠገቡ አንድ ትልቅ እርሻ የከርሰ ምድር ውኃ በፓምፕ ሲስብ የጉድጓዱ ውኃ እየወረደ ነበር። ነገሩ በክስ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ1976 ለዓሣው የሚበቃው ውኃ እንዲጠበቅ፣ ፓምፑ በልክ እንዲሆን ወሰነ። ለዚያ ዓሣ በወቅቱ ይሟገቱ ከነበሩት መካከል ባለ ሁለት ባልዲው ፒስተር አለበት። ከ1969 ማታ በኋላ ባልዲውን አስቀምጦ አልተኛም፤ ከሌሎች ጋር የበረሃ ዓሣዎች ጉባኤ የሚባል ማኅበር አቋቁሞ ስለ ውኃው መከራከር ቀጠለ። በ2023 እስከሞተበት ጊዜ ድረስም ይህንኑ ሲያስተምር ኖረ። የመጀመሪያው ባልዲ ከሁለተኛው የሚለየው በዚህ ይመስለኛል። ፒስተር ባልዲውን እንደ ብድር ነበር የቆጠረው።

«ስለዚህ ውኃው ካልተመለሰ ባልዲው ይቅር ነው የምትለው?» አለኝ ጓደኛዬ።

አይደለም። የሚሞተው ዓሣ የፍርድ ቤቱን ቀጠሮ አይጠብቅም። ኩሬው አጠገብ የቆመ ሰው ባልዲ ካለው ማንሣት አለበት፤ ከተዛወሩት አብዛኞቹ እንደሚሞቱ ቢያውቅም። ሪፖርቱ ላይ ግን ስንት ዓሣ እንዳነሣ ብቻ ሳይሆን ውኃውን ማን እንደወሰደውም ይጻፍ። ይኼ ነው ያለኝ መልስ፤ ከዚህ የተሻለ የለኝም።

ጓደኛዬ ትንሽ ቆይቶ፣ «የኦወንሱ ዓሣስ አሁን ተረፈ?» ብሎ ጠየቀ። ተርፏል አልኩት። በሸለቆው ውስጥ ጥቂት በተለዩ ትንንሽ ምንጮች ይኖራል፤ አሁንም ከአደጋው መዝገብ አልወጣም። ሰዎች እየሄዱ ኩሬውን የሚሸፍነውን ሣር ያጭዳሉ፣ የሚበሉትንም ትልልቅ ዓሣዎች ያወጡለታል።

«እስከ መቼ?»

አላውቅም አልኩት። «ታዲያ ይኼ ኑሮ ነው?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። መብራቱ የመጣው እሱ ከተኛ በኋላ ነው።