ዐውቆ መርሳት

ከዓባይ ሸለቆ በላይ በተዘረጋው የወግዲ ደጋ፣ ድግስ የታሰበበት ቤት ምስጢሩን ለረዥም ጊዜ ሊደብቅ አይችልም። ጌሾው ተወቅጦ ጥንስሱ ከተጣለ ወዲያ ሽታው ከጓዳ አልፎ ከደጅ ይደርሳልና። ሚስት ለባሏ ሳትነግረው ያሰበችለት ድግስ ቢኖር፣ ባልም ሽታው ቢነግረው፣ እንዳላወቀ ሆኖ ይቆያል። ይህ ማስመሰል ውሸት ነው ወይስ ፍቅር? ከዚህም የጠለቀ ሌላ ጥያቄ አለ፦ እንዳላወቁ ከመሆን አልፎ፣ ያወቁትን ከልቡና ፈጽሞ ፍቆ መጣል ይገባልን?

ይኸው ጥያቄ ከወግዲ እጅግ በራቀ አንድ የኪነት ሥራ ውስጥ ተነሥቷል። ዘ ሲምፕሰንስ የተባለው የአሜሪካ የካርቱን ኮሜዲ ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌቪዥን ሲታይ የኖረ ነው። ዕድሜው በረዘመ ቁጥር ለዛው እንደተሟጠጠ የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው፤ ፍርዳቸውም ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ሆኖም በ19ኛው ዙሩ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2000 ዓ.ም. የታየው፣ ጄ. ስቱዋርት በርንስ የደረሰውና ቸክ ሺትዝ ያዘጋጀው ክፍል ከዚህ ፍርድ የሚያመልጥ ነው፤ የኤሚንም ሽልማት አግኝቷል።

አባወራው ሆመር አንድ ማለዳ በበረዶ ላይ ተጋድሞ ይነቃል። ያለፈው ሌሊት ከአእምሮው ጠፍቷል፤ ሚስቱና ልጆቹም በቤት የሉም። የጠፋውን ትዝታ በቁርጥራጩ ሲለቃቅም የሚያገኘው ሁሉ የሚያስደነግጥ ነው፦ የተጎዳ የሚስቱ ዓይን፣ ከእርሷም ጋር ሌላ ወንድ። በእነዚህ ምስክሮች ተመርቶ ሚስቱን ከዳተኛ፣ ራሱን ደብዳቢ አድርጎ ይፈርዳል፤ ተስፋ ቆርጦም ወደ ድልድይ ይሄዳል። ትዝታው ተሟልቶ ሲመለስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሚስቱ በድብቅ ድግስ ስታሰናዳለት ደርሶባት ነበር፤ የዓይኗም ጉዳት በአደጋ የመጣ ነው። ድካሟ ከንቱ እንዳይቀር ሲል የሚያስረሳ መጠጥ ጠጥቶ ያየውን ያጠፋው ራሱ ሆመር ነው። (ጠላም ቢሆን ከልክ ሲያልፍ ይህንኑ ሥራ እንደሚሠራ አይካድም።)

ስጦታው ትልቅ ነው። ነገር ግን ዕውቀቱን የጣለው ሰው ለሚስቱ ንጽሕና ሊቆም የሚችለውን ምስክር አብሮ ጥሏል። የወግዲው ባል ከእርሱ የሚለየው በዚህ ነው። የዘጋው አፉን እንጂ ልቡን አይደለም፤ ጎረቤት በሚስቱ ላይ ክፉ ቢያወራ የጥንስሱን ምክንያት ያውቃልና አይናወጥም።

ከመርሳቱም ይልቅ የከፋው በከፊል ማስታወሱ ነው። ፈጽሞ የረሳ ሰው ይጠይቃል፤ ግማሹን ያስታወሰ ግን ይፈርዳል። ሽማግሌዎች ባልና ሚስትን ለማስታረቅ ሲቀመጡ የሁለቱንም ቃል ሳይሰሙ የማይነሡት ስለዚህ ነው። ሆመር ግን ለብቻው ከሳሽም፣ ምስክርም፣ ዳኛም ሆነ።

እርግጥ ነው፣ ደራሲው አንዱን በር ሳይከፍት አልፏል። የተሟላ ትዝታ ሁልጊዜ ድግስ ይዞ አይመጣም፤ ከቁርጥራጩ የባሰ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። ሚስቲቱ ማርጅም እንዲረሳላት አልጠየቀችውም። ብትጠየቅ ኖሮ፣ ድግሱ ድንገተኛ ሆኖ ከሚያስደስተው ይልቅ፣ ባሏ ለአንዲት ቀን እንኳ ያንን ባያስብባት ትመርጥ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።