ያልተለቀሰ ሐዘን በመማሪያ ክፍል

የመምህር ግዴታ ዕውቀትን በማስተላለፍ ያበቃል ወይስ የተማሪውንም ሐዘን ይጨምራል? ይህ ጥያቄ በደኅናው ቀን ለክርክር ያህል የሚነሳ፣ መልሱ ቢዘገይም ማንንም የማይጎዳ ይመስላል። በወረርሽኝ ጊዜ ግን መልሱ በየዕለቱ፣ ስም ሲጠራ ሳይቀር ይፈለጋል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተገለጠ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከቤት ዋሉ። በዚያው ወር መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፤ ለለቅሶ መሰብሰብም ተገደበ። በሽታውን ለመግታት ክልከላው ተገቢ ነበር። ሆኖም አብሮ የወሰደውን ነገር ማወቅ ያሻል። በዚህች አገር ሐዘን ለብቻ አይሸከሙትም፤ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮና ቡና ይዞ ይመጣል፣ አስለቃሽ ሙሾ ታወርዳለች፣ እስከ ሠልስቱ ቤቱን ሰው አይለየውም። ሕፃኑም በአዋቂዎች መካከል እየተሽሎከለከ ሁሉን ያያል፤ ማንም ቁጭ አድርጎ ባያስረዳውም ሞት ምን እንደሆነ፣ ከሞት በኋላም ኑሮ እንደሚቀጥል የሚማረው ከዚያ ነው። በ2012 ዓ.ም. ይህም ትምህርት ቤት አብሮ ተዘጋ።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍሎች በየደረጃው ሲከፈቱ (በዚያው ወር ጦርነት በተነሳበት በትግራይ ግን ብዙዎቹ ተዘግተው ቀሩ) ያልተለቀሰ ሐዘን ይዞ የተመለሰ ተማሪ ነበረ። እንዲህ ያለው ልጅ በክፍል ውስጥ አያለቅስም። ያንቀላፋል፤ ከጎኑ ከተቀመጠው ይጣላል፤ በር ሲላተም ይደነግጣል፤ የሚያውቀውን ሲጠየቅ አንደበቱ ይያዛል። ለቸኮለ ዓይን ይህ ሁሉ ስንፍናና ብልግና ነው፤ ቅጣቱም የታወቀ ነው፤ መንበርከክ፣ አርጩሜ፣ «ወላጅ አምጣ»። ወላጁ ለሞተበት ልጅ ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ይበቃል። «ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ አያዋጣም፤ ሸክማቸው እኩል ባልሆነ ሁለት ልጆች ላይ አንድ ዓይነት ፍርድ መስጠት ሚዛኑን ሳያዩ መመዘን ነውና።

ይሁንና ደግነትም ሊያቆስል ይችላል። ልጁን በጓደኞቹ ፊት አቁሞ «ምን ደረሰብህ? ተናገርና ይቅለልህ» የሚለው መምህር ቅን ልብ አለው። ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት ከሌሎች ድርጅቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው የመጀመሪያ ሥነ ልቡናዊ ርዳታ መመሪያ የተጎዳ ሰው የደረሰበትን እንዲተርክ መጫን እንደማይገባ ያሳስባል። የሥነ ጥበብ መምህራንም ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ ቀለምና ወረቀት ሰጥቶ ልጁ የወደደውን እንዲስል መተው አንድ ነገር ነው፤ «ቤታችሁ ሐዘን የገባበትን ቀን ሳል» ማለት ግን በእርሳስ የሚካሄድ ምርመራ ነው።

ለልጁ የሚበጀው ከዚህ ይልቅ ተራ የሚመስል ነገር ነው። ደወሉ በሰዓቱ ይደወል፤ መምህሩ የዕለቱን ትምህርትና ማብቂያውን አስቀድሞ ይንገር፤ ፈተና በድንገት አይምጣ፤ ልጁ ምክንያት ሳይጠየቅ ወጥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ እንዲመለስ ይፈቀድለት። ኑሮው በአንድ ሌሊት ለተለዋወጠበት ልጅ ነገ የሚሆነውን ማወቅ ራሱ ዕረፍት ነው። ትምህርቱም ቢሆን አይቀነስበት። «ሐዘንተኛ ነውና ይለፍ» ብሎ ሳይማር ማሳለፍ ሌላ ነገር ደግሞ መንጠቅ ነው። የክፍልፋይ ስሌት አባቱ ከመሞቱ በፊት ይሠራ እንደነበረው ዛሬም ይሠራል፤ ይህን ማግኘት የልጁ መብት ነው።

ይህ ሁሉ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ይቻላል ወይ? ለመራራቅ ሲባል ክፍሎች በፈረቃ በተከፈሉ ጊዜ መምህራን ሲመኙት የኖሩትን፣ የእያንዳንዱን ልጅ ፊት የማየት ዕድል አግኝተው ነበር፤ የሚያሳዝነው የፊቱ ግማሽ በጭምብል መሸፈኑ ነው። ከዚህ የከበደ ተቃውሞም አለ። መምህሩ ሐኪም አይደለም፤ እርሱም ዘመዱን በጥቂት ሰው ቀብሮ በማግሥቱ ጠመኔ የጨበጠ ሊሆን ይችላል። ርእሰ መምህሩ የቀረበትን ቀን ብቻ ቆጥሮ ማስጠንቀቂያ ቢጽፍበት፣ ለልጁ የሚያካፍለውን ትዕግሥት ከወዴት ያመጣዋል?