ሰው ከዓሣ ነባሪ ይበልጣል፤ ታዲያስ?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 2017 ጆ ሃውሌት የተባሉ የ59 ዓመት ካናዳዊ ዓሣ አጥማጅ፣ በሴንት ሎውረንስ ባሕረ ሰላጤ በማጥመጃ ገመድ የተተበተበ ዓሣ ነባሪ ለማስለቀቅ በጀልባ ወጡ። ገመዱን ቆርጠው ጨረሱ። እንስሳው ነጻ እንደወጣ በጅራቱ መታቸውና ሕይወታቸው አለፈ። ዓሣ ነባሪው ዋኝቶ ሄደ።

አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ፤ ለመመለስ ግን አትቸኩሉ። የእኚህ ሰው ሞት ከንቱ ነበር?

ብዙዎቻችሁ ወዲያው የምታነሡትን አውቃለሁ። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረው ሰው እንጂ እንስሳ አይደለም። ጌታም ደቀ መዛሙርቱን ሲያጽናና ከብዙ ድንቢጦች እንደሚበልጡ ነግሯቸዋል። እውነት ነው፤ እኔም አምነዋለሁ። ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን «እንግዲያው ድንቢጧ ምንም አይደለችም» ማለት አንችልም። በማቴዎስ 10 ላይ ጌታ አስቀድሞ የተናገረው አንዲት ድንቢጥ እንኳ ከአብ ተሰውራ እንደማትወድቅ ነው። ማጽናኛው የቆመው በዚህ ላይ ነው። አብ ለድንቢጧ ግድ ከሌለው፣ «እናንተ ትበልጣላችሁ» መባላችን ምን ያጽናናናል? ድንቢጧን ዋጋ ስናሳጣት የራሳችንን መጽናኛ መሠረት እየናድን ነው።

አሁን ወደ ባሕሩ እንመለስ። ዓሣ ነባሪ ስሙ ዓሣ ይባል እንጂ በሳንባው የሚተነፍስ፣ ወልዶ የሚያጠባ እንስሳ ነው። ሃውሌት ያስለቀቁት የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌል ከሚባለው ዝርያ ነበር። ስሙ «ትክክለኛው ዓሣ ነባሪ» እንደማለት ነው፤ የጥንት አዳኞች ያወጡለት ለመግደል ስለሚመቻቸው ነው ይባላል። ቀርፋፋ ነው፤ ወደ ባሕር ዳርቻ ይጠጋል፤ ሲሞትም አይሰጥምም። ከስቡ የመብራት ዘይት ያወጡ ነበር። ይህን ዝርያ ማደን በዓለም አቀፍ ስምምነት ከተከለከለ ከ1935 ወዲህ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ ግን በሕይወት ያሉት 400 እንኳ አይሞሉም። የመባዛት በረከት በመጀመሪያ የተነገረው ለሰው ሳይሆን ለባሕር ፍጥረታትና ለወፎች እንደነበር ዘፍጥረት 1፥22ን ስታነቡ አስተውሉ። ያን በረከት ከተቀበሉት መካከል አንዱ ዝርያ በዓይናችን ፊት እያለቀ ነው።

የሚጨርሳቸው ጦር የያዘ አዳኝ አይደለም። የሸርጣንና የሎብስተር ማጥመጃ ገመድ ይተበትባቸዋል፤ መርከብ ይገጫቸዋል። በዚያው በ2017 በካናዳና በአሜሪካ ባሕር 17 ሞተው ተገኝተዋል። ማንም ሊገድላቸው አልተነሣም፤ ሁሉም እንጀራውን ፍለጋ ላይ ነበር። ስለ ኃጢአት ስናስብ ክፉ ሐሳብ ያለበትን ብቻ መቁጠር ለምደናል። ክፋት ሳናስብ፣ በሩጫችን ብቻ የምናደርሰውን ጉዳትስ በየትኛው ሚዛን እንመዝነዋለን? እ.ኤ.አ. በ2001 ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የመርከብ እንቅስቃሴ ለጥቂት ጊዜ ቀንሶ ነበር። በካናዳ ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ የባሕር ውስጥ ጩኸት ጋብ አለ። ተመራማሪዎች በዚያው ወቅት የዓሣ ነባሪዎቹን ዓይነ ምድር ሲመረምሩ የጭንቀት ሆርሞናቸው ዝቅ ብሎ አገኙት። እኛ ጸጥ ስንል እነርሱ አረፉ።

የሚጠየቀው መፍትሔ ደግሞ የጀግና ሥራ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ማንም ያለ ፈቃድ ወደ እነዚህ እንስሳት ከ460 ሜትር ገደማ በላይ አይቀርብም። ከ2008 ጀምሮ ርዝመታቸው 20 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ የሆኑ መርከቦች በተወሰኑ ወራትና ስፍራዎች በሰዓት ከ18.5 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄዱ ታዝዘዋል። ፍጥነት መቀነስና ራቅ ብሎ ማየት ነው። ተመራማሪዎችም በአውሮፕላንና በጀልባ ሆነው በእንስሳቱ ራስ ላይ ካለው ሸካራ ቆዳ ቅርጽ እያንዳንዱን ለይተው ይመዘግባሉ።

ከእናንተ አንዱ «እኛ ባሕር እንኳ የለንም፤ የሚራብ ሰው እያለ ስለ ዓሣ ነባሪ ማውራት ምንድን ነው?» ሊል ይችላል። ቀላል ጥያቄ አይደለም። ለዓሣ ነባሪዎቹ ሲባል የማጥመጃ ስፍራ ሲዘጋ የአጥማጁ ቤተሰብ ገቢ ይጎድላል፤ ሸክሙን እርሱ ብቻውን እንዲሸከም መተው ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን ርኅራኄ ለእንስሳ በሰጠነው መጠን ለሰው የሚያልቅብን ነገር ነው? ዘጸአት 23፥5 የጠላትህ አህያ ከሸክሙ በታች ወድቆ ብታየው እንድትረዳው ያዝዛል። አህያውን ለማንሣት የጎነበሰ ሰው ከጠላቱ ጋር ጎን ለጎን ይቆማል። በየመንገዳችን ከአቅሙ በላይ ተጭኖ የሚደበደበውን አህያ አይቶ የማያዝን ልብ፣ ለሚራበው ሰው የበለጠ ሲራራ አላየሁም።

ሃውሌት ራሳቸው ሎብስተር አጥማጅ ነበሩ፤ በገመድ የሚተዳደሩ ሰው። ዓሣ ነባሪዎችን ከገመድ የሚያስለቅቀውን የካምፖቤሎ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ከመሠረቱት አንዱም እርሳቸው ናቸው። ከሞቱ በኋላ የካናዳ መንግሥት የዚህን ዝርያ የማስለቀቅ ሥራ አስቆመ፤ አሠራሩ ከተመረመረ በኋላ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ተጀመረ። በዚህ ውስጥ ለጥያቄያችን መልስ ያለ ይመስለኛል። ሰው ስለሚበልጥ ሥራው ቆመ፤ ዓሣ ነባሪውም ዋጋ ስላለው ሥራው ቀጠለ። ሞታቸው ከንቱ ነበር አልልም። ነገር ግን አንድ ሰው ነፍሱን እስከ መስጠት የደረሰው፣ ብዙዎች ትንሹን ነገር ሳያደርጉ ስለቀሩ ነው።

የዮናስን መጽሐፍ ስናስተምር የምናስታውሰው የዋጠውን ታላቅ ዓሣ ነው። መጽሐፉ የሚያበቃው ግን እግዚአብሔር ለዮናስ ባቀረበው ጥያቄ ነው። ከ120,000 በላይ ሰዎች ስላሉባት ከተማ ማዘን እንደሚገባው ይናገርና፣ በመጨረሻ እንስሶቿን ይጨምራል። ሰዎቹን አስቀደመ፤ እንስሶቹንም አልተዋቸውም።

በሚቀጥለው የጥናት ጊዜያችሁ ያን ምዕራፍ አብራችሁ አንብቡ፤ ከዚያም ተጠያየቁ። ክፋት ሳናስብ፣ ስለቸኮልን ብቻ እየጎዳነው ያለ ፍጥረት በአካባቢያችን የትኛው ነው? ፍጥነታችንን ብንቀንስለት ምን ይቀርብናል?