ጥበብን የለበሰ ጥበበኛን አይናቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ልብስ ከበደል በኋላ ለሰው ልጅ የተሰጠ የምሕረት ስጦታ ነው። አዳምና ሔዋን ትእዛዙን ተላልፈው ራቁታቸውን መሆናቸውን ባወቁ ጊዜ የበለስ ቅጠል ሰፍተው አገለደሙ፤ ቅጠል ግን ጠውልጎ የሚረግፍ ስለ ሆነ ሸፍኖ ሊዘልቅ አይችልም። ከገነት ከመውጣታቸው በፊት እግዚአብሔር ራሱ የቁርበት ልብስ አድርጎ አለበሳቸው (ዘፍ. 3፥7፤ 21)። እንግዲህ ልብሳችንን ባነሣን ቍጥር ልናስበው የሚገባን ይህ ነው፤ ልብስ የቸርነት መታሰቢያ እንጂ የትዕቢት መሣሪያ ሆኖ አልተሰጠንም።

ይህን ስንል ግን ጌጥ ያለው ልብስ ሁሉ ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም። ለካህኑ ለአሮን ለክብርና ለውበት የሚሆን የተቀደሰ ልብስ እንዲሠራለት ለሙሴ የታዘዘው ከእግዚአብሔር ነው። ባስልኤልንና ኤልያብንም ጥበብን በልባቸው የሞላ እርሱ ነው፤ በመንፈሱ ከተሰጧቸውም ሙያዎች አንዱ የሸማኔ ሥራ ነበረ (ዘጸ. 28፥2-3፤ 35፥30-35)። የሀገራችን ሰው በሸማ ጫፍ የሚወጣውን ባለ ቀለም ሥራ «ጥበብ» ብሎ መጥራቱ ከዚህ ጋራ የሚስማማ ነው፤ የልብ ጥበብና የእጅ ጥበብ በአንድ ቃል ይጠራሉና። ነጠላችንም ያለ አንደበት ይናገራል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ በመስቀል ምልክት አጣፍተን እንለብሰዋለን፤ ኀዘን ባገኘን ጊዜ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀን እንለብሰዋለን።

ይሁንና ይህ ነጠላ ከትከሻችን ከመድረሱ በፊት በስንት እጅ እንዳለፈ እናስተውል። ጥጡ ተዳምጦ ከፍሬው ይለያል፤ በደጋን ይነደፋል፤ እናቶችም በእንዝርት ይፈትሉታል። ከዚህ በኋላ ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ በጉድጓዱ አፋፍ ይቀመጣል፤ በእግሩ እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየወረወረ፣ ማጉን ከድሩ ጋራ ያዋሕዳል። ጥበቡ ላይ በደረሰ ጊዜ ክሩን እየቈጠረ ቀለሙን በጣቱ ያስገባል፤ ቍጥሩን ቢስት መስቀሉ ይጣመምበታልና ዐይኑም ልቡም ከሥራው አይለዩም። ሁለት ድርብ የሆነው ነጠላ፣ አራት ድርብ የሆነው ጋቢ የሚገኘው እንዲህ ባለ ትዕግሥት ነው። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን የሀገር ልብስ የምናውቅ ሁሉ፣ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው በዚህ ሥራ እንደ ደከሙ እናውቃለን።

እጅግ የሚያሳዝነው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ብዙ ሰው ሸማውን ወድዶ ሸማኔውን ሲንቅ ኖሯል። እጁ የሠራውን ለዓመት በዓል ለብሶ ባለ ሙያውን ቡዳ ነው እያለ አምቶታል፤ ልጁን ለልጁ ከመስጠት፣ አብሮትም ከገበታ ከመቀመጥ ሸሽቷል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ። ነገር ግን አዋጅ አፍን ይዘጋል እንጂ ልብን ለማጥራት አይበቃምና፣ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም የዚህ ስድብ ርዝራዥ በየመንደሩ ይሰማል። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ እንደ ነበረ (ሐዋ. 18፥3)፣ ጌታችንንም የናዝሬት ሰዎች ጸራቢ ብለው እንደ ናቁት (ማር. 6፥3) የሚያነብ ክርስቲያን፣ የእጅ ሠራተኛን የሚንቅበት ምን ምክንያት አለው? በመስቀሉ እግር ወታደሮቹ ሊቀዱት ያልወደዱት ከላይ ጀምሮ ወጥ ሆኖ የተሠራው እጀ ጠባብስ (ዮሐ. 19፥23-24) የሸማኔ ሥራ አልነበረምን?

በዘመናችን ደግሞ ሞድ ወይም ፋሽን የሚባለው ነገር የሀገር ልብስንም አግኝቶታል። ጥበቡ ከቀሚስ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ደረትና ወደ እጅጌ ወጥቷል፤ ቀለሙና ቅርጹም በየጊዜው ይለዋወጣል። ወጣቶች የአባቶቻቸውን ልብስ በአዲስ ውበት ሲለብሱት ማየት ደስ ያሰኛል፤ ይህን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ሌላ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብሂል ለበዓሉ ክብር የተነገረ ሲሆን፣ አሁን ለፉክክር ሲጠቀስ እንሰማለን። ባለጸጋው ያለፈውን ዓመት ቀሚስ ደግሞ መልበስን ሲያፍር፣ ድኻው የሚለውጠው ነጠላ የለኝም ብሎ ታቦት ከሚሸኝበት ጉባኤ ይቀራል። ልብስ ሰውን ከእግዚአብሔር ደጅ ካስቀረ የምሕረት መታሰቢያነቱ ወዴት አለ? ሐዋርያው ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት ላለውና ያማረ ልብስ ለለበሰው የክብር ወንበር ሰጥቶ ድኻውን ከእግር በታች ማስቀመጥን የገሠጸው ስለዚህ ነው (ያዕ. 2፥2-4)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ቤተ ክርስቲያንን በሐር እያስጌጡ በደጅ በብርድ የሚጨነቀውን ራቁቱን ክርስቶስን መርሳት እንደማይገባ አስተምሯል።

ደግሞም የሸማኔውን ጥበብ አስመስሎ በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ በገበያው ይሸጣል። አቅም የሌለው ሰው ይህን ቢለብስ አንፈርድበትም፤ እግዚአብሔር ልብን እንጂ ጥለትን አይመረምርምና። አቅም ያለው ግን ብዙ ቀን የተደከመበትን ጥበብ በታተመው ጨርቅ ዋጋ ካልሸጥህልኝ ብሎ ሸማኔውን ቢያስጨንቅ፣ የሠራተኛን ደመወዝ እንደ ማስቀረት ይቈጠርበታል።

ስለዚህ ካህናት ሆይ፤ የንስሓ ልጆቻችሁን ስታስተምሩ የሙያ ስድብንና የቡዳ ሐሜትን እንደ ቀላል ነገር አትለፉት፤ የወንድምን ስም ማጥፋት ነውና። ምእመናንም ሆይ፤ ለሸማኔውና ለፈታይዋ የሚገባቸውን ዋጋ ሳታዘገዩ ክፈሉ። አዲስ ስትገዙም ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል ዘንድ መታዘዙን አስቡ (ሉቃ. 3፥11)፤ ታጥቦ በሳጥን የተቀመጠው ነጠላ ከጥምቀት በፊት ለጎረቤት ይድረስ። ጣቢታ በኢዮጴ ባረፈች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት እርስዋ የለበሰችውን ሳይሆን ለእነርሱ የሠራችላቸውን ልብስ ነበር (ሐዋ. 9፥39)። ከእኛም በኋላ የሚቀረው ጌጥ ሌላውን ያለበስንበት ነው።

በጥምቀት ክርስቶስን ያለበሰን አምላክ፣ የምንለብሰውን ጥበብ በልባችንም ያሳድርብን፤ ለሸማኔዎቻችን የእጃቸውን ሥራ ይባርክላቸው፤ ለታረዙትም የሚያለብስ ወገን ያዝዝላቸው። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።