መርዶ ለምታደርስ ልጄ

እድሩ ጸሐፊ አድርጎ ሲመርጥህ ሥራው መዋጮ መመዝገብ ብቻ መስሎህ ይሆናል። እዚህ ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ ግን ብዙ መርዶ የሚመጣው ልጆቻችን ከሚሰደዱበት ከደቡብ አፍሪካ መንገድ ነው። መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ የተረፉት 14 ነበሩ። ያን ሰሞን ልጁ ያልደወለለት ወላጅ ሁሉ የልጁ ስም ሳይጠራ ሐዘን ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ አጣራ። በቴሌግራም የሚዞር ፎቶ መርዶ አይደለም። ካረጋገጥህ በኋላ ደግሞ «ትንሽ አሞታል» እያልህ አታንከባልል። እንደ ወጉ በማለዳ፣ ቤተሰቡ የሚያምነውን ሰው ይዘህ ሂድ። ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ካለ አስቀድመህ ጠይቅ፤ በለቅሶው መሐል መድኃኒቱ ይረሳል። ከዚያ በግልጽ ተናገርና ዝም በል።

እኛ አማኞች «አታልቅሺ፣ ጌታ ነው የወሰደው» ማለት ይቀናናል። እናት ይህን ከአንተ ይልቅ ታውቀዋለች፤ ታልቅስ። ለቀስተኛውም በየተራ «እንዴት ሆነ?» እያለ ሲጠይቃት ልጇ በቀን ሃያ ጊዜ ይሞትባታል። ድንኳኑ በር ላይ አንድ ዘመድ አስቀምጥ፣ ታሪኩን እሱ ይንገር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያም የተጎዳን ሰው የደረሰበትን እንዲተርክ አታስገድዱ፤ እዩ፣ አዳምጡ፣ ከሚረዳው ጋር አገናኙ ይላል። ሽማግሌዎቻችን ይህን ከፊሉን ያውቁት ነበር፤ ማዳመጡ ላይ ግን ሁላችንም ወሬ እናበዛለን።

ወሬው የጠፋ ልጅ ቤት ከሁሉ ይከብዳል። «ይመጣል» አትበል፣ «አርፏል» አትበል። ቀይ መስቀል የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋልና አብረሃቸው ሄደህ አስመዝግብ።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ዓይንህ አባትየው ላይ ይሁን። ልጁን ለሚያሻግረው ደላላ የሚከፈለውን በሬ ሸጦ፣ ተበድሮ የሰጠ እሱ ነው፤ አበዳሪው በሐዘኑ ሳምንት እንዳይመጣ እናንተ ሽማግሌ ላኩበት። እንቅልፍ ካጣ፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ማለት ካበዛ፣ ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ ፊት ለፊት ጠይቀው። መጠየቅህ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለህ ብቻውን አትተወው፤ ፀረ ተባዩንና ገመዱን ከቤት አስወጣ፤ ንግሥት እሌኒ መሐመድ ሆስፒታል ይዘኸው ሂድ፣ ወረፋውንም አብረኸው ጠብቅ።