ግጥሙ የጣለው

አንኮበር አፋፉ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ወደ አፋር ቆላ ስታዩ፣ ግጥም ጻፍ ጻፍ ይላችኋል። እኔም ጻፍኩ፤ ስለ አያቴ። በልጅነቴ ከባሕር ዛፉ መሀል ጭራሮ ተሸክማ አቀበቱን ስትወጣ አያት ነበር። በግጥሜ ሸክሟን ክንፍ፣ አቀበቱን የሰማይ መሰላል አደረግኩት። አሁን የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ሄጄ አነበብኩላት።

ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "ያምራል ልጄ። ግን ይቺ ሴትዮ ወገቧን አያማትም እንዴ?" አለችኝ።

እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ፎቶን በጄፔግ ስናስቀምጥ ፋይሉ የሚቀለው፣ ዓይን ብዙም አያስተውለውም የተባለው ዝርዝር ስለሚጣል ነው። አንዴ ከተጣለ አይመለስም። ግጥምም አንድን ሕይወት በጥቂት ስንኝ ሲያሳጥር የሚጥለው ነገር አለ። ታዲያ "ይሄ ባይታይም ችግር የለውም" ብሎ የሚወስነው ማነው?

እኔ ወገቧን ጣልኩ። ስለ ዛፉም ዋሸሁ። "ከጥንት የነበረ" ያልኩት ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባ፣ የማገዶ እጥረት ያስፋፋው ዛፍ ነው። እኔ ተፈጥሮ ያልኩት ለእሷ ሥራ ነበር።

እኛ ወንዶች በፍቅር ግጥም ሴትን አበባ፣ ጨረቃ፣ ምንጭ ማድረግ እንወዳለን። አድናቆት ነው፤ ግን አበባ መልስ አይሰጥም። ሴቶቹ ደግሞ ዝም ብለው አያውቁም። ወፍጮ ላይ አንጎራጉረዋል፤ ለቅሶ ላይ ሙሾ አውርደዋል። በጽሑፍም እነ ዓለምፀሐይ ወዳጆ አሉ። ያልሰማነው እኛ ነን።

"ታዲያ ግጥም ሪፖርት ይሁን?" ትሉ ይሆናል። አይሁን። ሰምና ወርቅን እዩት፤ የሚያምረው ሁለቱም ትርጉሞች ሲቆሙ ነው። ሰሙ ካልያዘ ወርቁም አይወጣም። ሸክሙ ክንፍ ይሁን፣ ግን መጀመሪያ ይክበድ። ለእኔ ይህ የውበት ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ ነው፤ የምንጽፈው የሰው ትዝታ ነዋ።

ሌላ ቀን፣ "ያኔ እንጨት ተሸክመሽ ምን ትዪ ነበር?" ብዬ ጠየቅኳት። ሁለት ስንኝ አለችልኝ። ከእኔ ግጥም ሁሉ ይበልጣል። ስልኬን ሳወጣ ግን እጄን ያዘችኝ፤ "ተው፣ ይሄ የኔ ነው።"

ስለዚህ እዚህ አልጻፍኩትም።