መረቡን የጣለው ማን ነው?

በአማርኛችን “መረብ ጣለ” የሚለው አባባል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ዓሣ ሊያጠምድ መረቡን ወደ ውኃ የሚሰድድ ሰው መረብ ጣለ ይባላል። የተቀዳደደበትን መረብ ከጀልባው አሽቀንጥሮ መንገዱን የሚቀጥልም መረብ ጣለ ይባላል። የመጀመሪያው ሰው ተመልሶ ይስበዋል፤ ሁለተኛው አይመለስም። መረቡ ግን ይህን ልዩነት አያውቅም። ባለቤቱ ቢመለስም ባይመለስም ማጥመዱን ይቀጥላል።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው መረብና እሱን ከባሕር ዳርቻ እያነሡ የጥበብ ሥራ ስለሚሠሩበት ሰዎች ነው። የያዝሁት ግን የሥነ ጥበብ ጥያቄ አይደለም። ከክፉ ነገር መልካም ነገር ሲወጣ፣ ክፉውን ያደረገው ሰው ዕዳው ይቀልለታል ወይ? ይህ ነው ጥያቄዬ። እናንተም ሳታውቁት ደጋግማችሁ የመለሳችሁት ይመስለኛል።

መጀመሪያ መረቡን እንወቀው። የጥንቱ መረብ ከጥጥና ከቃጫ ይሠራ ስለ ነበር ባሕር ውስጥ ቢቀርም ውሎ አድሮ ይበሰብሳል። የዛሬው መረብ ናይሎንና መሰል ፕላስቲክ ነው፤ አይበሰብስም። ማዕበል ይነጥቀዋል፣ ከኮራል ዐለት ጋር ይጠላለፍና ይቆረጣል፣ ወይም በሕገ ወጥ መንገድ የሚያጠምድ ጀልባ ጠባቂ ሲመጣበት በጥሶት ይሸሻል። ከዚያ በኋላ በየባሕሩ ይዞራል። “የጣረ ሞት መረብ” የሚሉት ለዚህ ነው። (ከአጋንንት ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ ሰው ሳይኖርበት ስለሚሠራ ብቻ ነው።) ትንንሽ ዓሦች ይያዙበታል፣ እነሱን ሊበላ የመጣው ትልቁ ይያዛል፣ ኤሊም ትመጣለች። የባሕር ኤሊ የምትተነፍሰው እንደ እኛ አየር ስለሆነ ወደ ላይ መውጣት ስትከለከል በኖረችበት ውኃ ሰጥማ ትሞታለች።

ከእስያና ከአውስትራሊያ መካከል ካለው ከአራፉራ ባሕር የሚነሣው ሞገድ ይህን መረብ እየገፋ ወደ ሰሜን አውስትራሊያ፣ በተለይም ወደ ካርፔንታሪያ ባሕረ ሰላጤ ያስገባዋል። ብዙው መረብ የአካባቢው ነዋሪዎች የተጠቀሙበት አይደለም፤ ከሌሎች አገሮች አጥማጆች የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚለው በዚያ ዳርቻ በአንዳንድ ቦታ በአንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት ላይ በዓመት እስከ 3 ቶን መረብ ይወጣል። ተመራማሪዎቹ የመረመሯቸው 8,690 መረቦች ብቻቸውን ከ4,866 እስከ 14,600 የሚደርሱ ኤሊዎችን ሳይዙ እንዳልቀሩ ገምተዋል። በዓለም ካሉት ሰባት የባሕር ኤሊ ዝርያዎች ስድስቱ የሚኖሩት በዚሁ ውኃ ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ። በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ጫፍና በፓፑዋ ኒው ጊኒ መካከል የቶረስ ሰርጥ አለ። በሰርጡ ምሥራቃዊ ክፍል ኤሩብ የምትባል፣ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረች ትንሽ ደሴት ትገኛለች፤ ካርታ ላይ ዳርንሊ ተብላ ልታገኟት ትችላላችሁ። ጥቂት መቶ ሰዎች ይኖሩባታል። ስሟን ሰምታችሁ ባታውቁም የምትወዱት ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1871 የለንደን ሚስዮናውያን ማኅበር መልእክተኞች፣ ከሌሎች የደቡብ ባሕር ደሴቶች ከመጡ ወንጌላውያን ጋር፣ ወንጌልን ይዘው ወደ ቶረስ ሰርጥ የገቡት በኤሩብ በኩል ነው። ዳባድ የተባለ የደሴቲቱ ሽማግሌ ተቀበላቸው። የሰርጡ ሰዎች ቀኑን “የብርሃን መምጣት” ብለው ሰይመውት እስከ ዛሬ በየዓመቱ በመዝሙርና በማዕድ ያከብሩታል።

ከዚያ በፊት እነዚህ ሰዎች ከባሕር ኤሊ ቅርፊት በሚሠሩት ጭምብል ይታወቁ ነበር። አዲሱ እምነት ሲገባ ከቀድሞው ሥርዓት ጋር የተያያዘ ብዙ ሥራ ጠፋ፤ ከተረፈውም ብዙው በመርከብ ተጭኖ አውሮፓ ሙዚየም ገባ። የተጣለው ሁሉ መጣል የሚገባው ነበር ወይ? ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ ዛሬ አልገባበትም። የእጅ ጥበቡ ግን አልጠፋም።

አሁን በኤሩብና በኬፕ ዮርክ ምዕራባዊ ዳርቻ ባለችው በፖርምፑራው የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ያንን መረብ ወደ ቅርጻ ቅርጽ ይለውጡታል። ከኤሩብ ኤላሮዝ ሳቬጅና ፍሎረንስ ጉቸን፣ ከፖርምፑራው ሲድ ብሩስ ሾርት ጆ በዚህ ሥራ ከታወቁት ውስጥ ናቸው። መረቡ ይታጠባል፤ ከዚያ በቀለሙ ይለያል፤ አረንጓዴው ለብቻ፣ ሰማያዊው ለብቻ፣ ብርቱካናማው ለብቻ። ወፍራሙ ገመድ ተፍታትቶ ክር ይሆናል። ከሽቦ ወይም ከብረት አጥንት ይበጅለትና መረቡ ይወጠርበታል፣ ይጠመጠምበታል፣ በመርፌ ይሰፋል። እናቶቻችን ሞሰብ ሲሰፉ አለላውን እየጠመጠሙ ዙር በዙር ሲያሳድጉት ያያችሁ አሠራሩ አይጠፋችሁም። በመጨረሻ ኤሊ ይወጣዋል፣ ሻርክ ይወጣዋል፣ አዞ ይወጣዋል። አንዳንዱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። በሲድኒ ያለው የአውስትራሊያ ሙዚየም ከእነዚህ ሥራዎች አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ታይተዋል። የአያቶቻቸው የኤሊ ጭምብል አውሮፓ በገባ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የልጅ ልጆቻቸው ከቆሻሻ የሠሩት ኤሊ ተከተለ ማለት ነው። በዚህኛው ጊዜ ግን የላኩት ራሳቸው ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አለዚያ ታሪኩ ይጣፍጥና እውነቱ ይጎድላል። የቶረስ ሰርጥ ሰዎች ኤሊ ይበላሉ። ሕጉም ነባር ሕዝቦች ለማኅበረሰባቸው ማዕድ እንዲያድኑ ይፈቅዳል። ስለዚህ ለኤሊዋ ማዘናቸው ደም አይተው የማያውቁ የከተማ ሰዎች ኀዘን አይደለም። አንዲት ኤሊ ተይዛ ለድግስ ስትቀርብ ቤተሰብ ትመግባለች፤ ያረዳት ሰውም ስሙ ይታወቃል። በባዶ መረብ ውስጥ የበሰበሰችው ማንንም አልመገበችም፤ ገዳይዋም ስም የለውም።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ይህን ታሪክ በመጀመሪያ ስሰማ ወዲያው የታየኝ ስብከት ነበር። የተጣለ ነገር፣ የሚያነሣ እጅ፣ አዲስ ፍጥረት፤ ሦስት ነጥብ፣ መዝሙር፣ ጸሎት። ስሕተት አለበት አልልም። ነገር ግን ያን ያህል ቶሎ ስለተመቸኝ ጠረጠርሁት። ደግሜ ሳስበው ከምሳሌው ውስጥ አንድ ሰው ጠፍቷል፤ መረቡን የጣለው።

እስቲ ያ ሰው አንድ ቀን ሙዚየም ገባ እንበል። ከጣሪያ የተንጠለጠለችውን ኤሊ ቀና ብሎ ያያል፤ ጀርባዋ ላይ ያለውን አረንጓዴ ገመድ ያውቀዋል፣ የራሱ ነው። ዙሪያውን ሰዎች ይደነቃሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ። እሱም ለልጁ ዞር ብሎ “አየህ፣ እኔ ባልጥለው ኖሮ ይህ አይሠራም ነበር” ይለዋል። ምን ትመልሱለታላችሁ? ዓረፍተ ነገሩ እኮ ውሸት የለበትም።

ይህ ሰው ሩቅ አይምሰላችሁ። በእኛ ቋንቋ የሚናገርበት አባባል አለው፤ “ለበጎ ነው” ይላል። ከወጣት ኅብረታችሁ በአንዲት እኅት ላይ ወሬ ተነዛ እንበል። ያልሠራችውን ሠራች ተባለች፤ ከመዘምራን ወጣች፤ አፍራ አጥቢያ ቀየረች። ዓመታት አለፉ። እዚያ በሄደችበት ጸናች፣ ተማረች፣ አገልጋይ ሆነች፤ አንድ ቀን ተጋብዛ መጥታ መሰከረች፤ ጉባኤው አለቀሰ። ወሬውን የነዛው ሰው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እሱም አለቀሰ። ሲወጣ ለጓደኛው “ሁሉም ለበጎ ሆነላት” አለው። እኅቲቱም ከመድረክ ላይ ያለችው ይህንኑ ነበር። ቃሉ አንድ ነው። በእሷ አፍ ግን እምነት ነበር፤ በእሱ አፍ ማምለጫ ሆነ።

የዮሴፍን ታሪክ እንደምታነሡብኝ አውቃለሁ። እኔም ላነሣው ነበር። ዮሴፍ ለወንድሞቹ የእግዚአብሔርን በጎ ሐሳብ የነገራቸው እውነት ነው፤ እዚያው ግን ያሰቡበትን ክፋት ክፋት ብሎ ጠርቶታል። ደግሞም ማን እንደተናገረው ተመልከቱ። የተሸጠው ነው የተናገረው። ሻጮቹ መጥተው “ባንሸጥህ ኖሮ ይህ ሁሉ ሕዝብ በራብ ባለቀ ነበር” አላሉትም። ቢሉት ኖሮ ነገሩ ሐሰት አይሆንም ነበር፤ ነገር ግን የእነሱ ንግግር አልነበረም። እነሱ የመጡት ይቅርታ ሊለምኑ ነው።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ አይቀልለትም። ኤሊዋን ውብ ያደረጋት መጣሉ አይደለም፤ የሰፋችው ሴት እጅ፣ ዓይን፣ ትዕግሥትና ከእናቷ የወረሰችው ሙያ ነው። ጣዩ ያዋጣው ፕላስቲክና ሞት ነው። ውበቱን በሙሉ ሌላ ሰው አመጣው። ቅርጹ ምንም ያህል ቢያምር ደግሞ መረቡ ካሰጠማቸው ኤሊዎች ለአንዲቱም አንድ ትንፋሽ አልመለሰላትም።

ይህን ካልሁ በኋላ ግን ጣዩን ልፈልገው ስነሣ ተቸገርሁ። የባሕር ወንበዴ አድርጌ ስዬው ነበር። እውነተኛው ሰው ምናልባት ሌሊት በማዕበል ውስጥ መረቡ ዐለት የያዘበት፣ ካልቆረጠው ጀልባው የሚገለበጥበት የቀን ሠራተኛ ነው። ምናልባትም መረቡን በማጣቱ የወራት ደመወዙን ከስሯል። ሌላው አሮጌ መረብ ወደብ ላይ የሚቀበለው አጥቶ፣ ወይም ማስወገጃውን ክፈል ተብሎ ገንዘብ አጥሮት ይሆናል። ሌላው ደግሞ በእርግጥ ግድ የለሽ ነው። ዓሣውን ርካሽ አድርጎ የገዛውስ? የሁሉም የሆነ ጥፋት የማንም ሳይሆን ይቀራል፤ ባሕሩ ላይ የሚዞረው መረብ ስም የሌለውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ነው የኤሩብ ሰዎች የሚያስደንቁኝ። “እኛ አልጣልነውም” የሚለው ዓረፍተ ነገር ለእነሱ ሙሉ በሙሉ እውነት ነበር። አደገኛነቱም እውነት መሆኑ ነው፤ ሐሰት ቢሆን ኅሊናችን ይቃወመን ነበር። ሰፈራችሁ የቆሸሸ ጊዜ፣ ጓደኛችሁ በሌላ ሰው ቃል የተሰበረ ጊዜ፣ ይህ እውነት ስንት ጊዜ እጃችሁን እንዳሰረው አስቡ። እነሱ ግን ጣዩ እስኪገኝ አልጠበቁም። በሌላ በኩል ደግሞ መረቡን ሲያነሡ ጥፋቱን የራሳቸው አላደረጉትም። ማንሣትና መወቀስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያወቁ ይመስለኛል። እኛ ብዙ ጊዜ የምናምታታቸው እነዚህን ነው፤ ካነሣን ጥፋተኛ የምንባል ይመስለንና እጃችንን ኪሳችን ውስጥ እንከታለን።

ደግሞ ሥራውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከሩቅ ኤሊ ነው። ሲቀርቡት መረብ ነው፤ የዓይኖቹ ስፋት፣ ፋብሪካው የቋጠረው ቋጠሮ፣ ድንጋይ የፈተገው ገመድ ሁሉ ይታያል። በቀለም አልሸፈኑትም። ኤሊዋን ያየ ሰው የገደላትን ነገር ሳያይ ማለፍ አይችልም። የጣዩ “ለበጎ ነው” ማስረጃውን ይደብቃል፤ የእነሱ ኤሊ ማስረጃውን ለብሳ ቆማለች። ያቺ እኅት ስትመሰክር ያለቀሰው ሰው ይህን ቢያውቅ ኖሮ፣ ከጉባኤው እንደወጣ ወደ ጓደኛው ሳይሆን ወደ እሷ ይሄድ ነበር።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር ይቀራል። ሥራው ይሸጣል፤ ደሴቲቱም ገቢ ታገኝበታለች። መረቡ አንድ ቀን ቢያልቅስ? ከቁስል የሚተዳደር ሐኪም በሽታ እንዳይጠፋ ሊመኝ ይችላል ወይ? መልሱን በቃል ማስላት ይከብዳል፤ ዳርቻው ላይ በሚሠራው ሥራ ግን ጥቂት ይታያል። በካርፔንታሪያ ባሕረ ሰላጤ መረቡን የሚሰበስቡት በአብዛኛው ከነባር ሕዝቦች የተውጣጡ የዳርቻ ጠባቂዎች ናቸው። ማዕበል ካለፈ በኋላ በአሸዋው ላይ የተከመረ መረብ ያገኛሉ፤ ከባድ ነው፣ ይሸታል፣ ግማሹ ተቀብሯል። ቢላ ይዘው ይጠጉትና በውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳለ ያያሉ። አንዳንድ ጊዜ ኤሊ በሕይወት ትገኛለች። ከአንገቷና ከክንፏ ላይ ገመዱን ቆርጠው ወደ ውኃው ይሸኟታል። መረቡ የሚጫነው፣ ቀለሙም የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።